ተራራ አይቸኩልም

የማግኔት ፊልተር ማስታወቂያ ያየ ሰው ያንን ሰውዬ ያውቀዋል። ብርቱካናማ ጃኬት ለብሷል፤ ጢሙ በልኩ ተከርክሟል፤ ከኋላው ኖርዌይን የሚመስል ገደል ተዘርግቷል፤ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። ከኪሱ ክብ ጥቁር መስታወት ያወጣና ወደ ሌንሱ ጠጋ ያደርገዋል። ጠቅ! መስታወቱ ዘሎ ይለጠፋል። ሰውዬው ፈገግ ይላል፤ ከሥሩም ጊዜ ስለ መቆጠብ የሚናገር ጽሑፍ ብቅ ይላል።

እኔን የሚገርመኝ ሰውዬው የሚቸኩለው ወዴት እንደሆነ ነው። ገደሉ እንደሆነ እዚያው ነው። ትናንትም ነበረ፣ ነገም አለ። ደመና እስኪገለጥ ሲጠብቅ ግማሽ ቀን ትራይፖዱን ተደግፎ የቆመ ሰው፣ ፊልተር ጠምዝዞ ለማሰር ግማሽ ደቂቃ ቢያጠፋ ማን ይቀየመዋል? ማስታወቂያውን የሠሩት ሰዎች አንድ ጊዜ በጥር ወር አዲስ አበባ ብቅ ብለው፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከነሚዜዎቿ ወደ መኪና የምትጣደፍ ሙሽራ ቢያዩ ኖሮ ገደሉን ለፍየሎች ትተው እሷን ይቀርጹ ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የማግኔት ፊልተር የሚያስፈልገው ለሠርግ ነው።

ሙያው ለማይነካው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ፊልተር ከሌንስ ፊት የሚታሰር መስታወት ነው። አንዱ ብርሃን ይቀንሳል፤ ኤንዲ ይሉታል። አንዱ ከውሃና ከመስኮት ላይ የሚንጸባረቀውን ይቆርጣል፣ ሰማዩንም ያጠቁራል፤ እሱ ሲፒኤል ወይም ፖላራይዘር ነው። አንዱ ደግሞ እምብዛም ሥራ የለውም፤ ዩቪ ይባላል። (የዩቪ ሻጮች አይቀየሙኝ። በፊልም ዘመን ደህና ሥራ ነበረው። የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር ግን ከፊቱ የራሱ ማጣሪያ አለው፤ ስለዚህ ዛሬ ዩቪ የሚገዛው ሌንሱን ከጭረት ለመከላከልና የሻጩን ቀን ለማሳመር ነው።)

ይህ መስታወት ሲታሰር የኖረው በጥርስ ነው። ጥርሱ ደቃቅ ነው፤ ትንሽ ካዘነበለ አይገባም፣ አለቦታው ከገባ ደግሞ አይወጣም። በተለይ ፍሬሙ አሉሚኒየም ከሆነ ይነክሳል፤ የናሱ ይሻላል። ሰው የተቸነከረ ፊልተር ሲያጋጥመው የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር በኃይል መጨበጥ ነው፤ ሲጨበጥ ክቡ ይጣመምና ይብስበታል። መድኃኒቱ ሰፋ ያለ ላስቲክ ዙሪያውን ጠምጥሞ በቀስታ ማዞር ነው። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ዣን ኮካን በ1978 እ.ኤ.አ. ኮኪን የተባለውን፣ አራት ማዕዘን መስታወት ከላይ ወደ ታች የሚያስገቡበትን መያዣ ገበያ ላይ አውሎ ከጥርስ ጣጣ ብዙ ሰው ገላግሏል። ግን እሱም በተራው ቦርሳ የሚሞላ ዕቃ ሆነ።

ከዚያ ማግኔቱ መጣ። ጉልበቱ ያለው ኒዮዲሚየም የሚባለው ማግኔት ውስጥ ነው፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በጃፓኑ ሱሚቶሞና በአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ የነበሩ ተመራማሪዎች ለየብቻቸው ደረሱበት። ትንሽ ሆኖ ብዙ የሚሸከም ስለሆነ ስስ ጠርዝ ውስጥ ይደበቃል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ቀጭን ቀለበት ሌንሱ ላይ አንዴ በጥርስ ታስሮ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ፊልተሩ እሱ ላይ ጠቅ ይላል። አዎ፣ ከጥርስ ያመለጥን መስሎን ጥርሱን ወደ ውስጥ ነው ያስገባነው። የሚነክስ ቀለበት ከመጣ ላስቲኩን አትጣሉ።

አሁን ወደ ሠርጉ።

አንድ ወዳጄ የሠርግ ካሜራማን ነው። ጥርና ሚያዝያ ቤቱ አይገኝም። በጾም ግን ሠርግ የለም፤ ሥራ ስለማይኖረው ዕቃ ይመርጣል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ወዳጄ እንደሚለው ለአንድ የፊልተር ምርጫ አይበቃም።

ችግሩ ምንድነው ብትሉ ፀሐይ ነው። የድሮ ፎቶ አንሺዎች በቃላቸው የያዙት ሕግ አለ፦ በጠራራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ 100፣ የሌንሱ መክፈቻ ኤፍ 16 ከሆነ የሹተሩ ፍጥነት የሰከንድ 1/125 ገደማ ነው። ሌንሱን እስከ ኤፍ 2.8 ብትከፍቱት 1/4000 ይደርሳል። ቪዲዮ ደግሞ በሰከንድ በ25 ምስል ሲቀረጽ፣ እንቅስቃሴው ለዓይን እንዲለሰልስ 1/50 ይፈልጋል። ስለዚህ ከብርሃኑ ከሰማንያ አንዱን ብቻ አስገብቶ ሌላውን ደጅ የሚያስቀር ነገር ያስፈልጋል፤ ይህም ከስድስት ስቶፕ ትንሽ ይበልጣል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ማለት ነው)።

ሌንሱን መዝጋት አይሻልም ወይ? ይሻል ነበር፤ ግን ሌንሱ ሲዘጋ ከሙሽራዋ ኋላ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይመጣል፦ የመብራት ምሰሶው፣ የተደረደረው ሚኒባስ፣ ግንብ ሥር የቆመው ሰውዬ ሳይቀር። ደንበኛ ገንዘብ የከፈለው እኮ እነሱ እንዲደበዝዙ ነው። ሹተሩን ማፍጠንስ? ለአንድ ፎቶ ምንም አይል። ለእስክስታ ግን ጥፋት ነው። በ1/4000 የተቀረጸ ትከሻ እየተቆራረጠ ይንቀጠቀጣል፤ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ሆን ብሎ የተሰደበ ይመስለዋል።

እና ወዳጄ ደጅ ሲሆን ኤንዲ ያስራል። ሙሽራው ቤት ሲገባ ይፈታል፤ ሳሎን ነው፣ መጋረጃው ተዘግቷል፣ ሰው ተፋፍጓል። በር ላይ ሚዜዎቹ ከሙሽራዋ ወገን ጋር ሲጋፉ መልሶ ያስራል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጧፍ ብርሃን ነው፤ ይፈታል። ደጃፉ ላይ ያስራል። ብሔረ ጽጌ መናፈሻ ሲደርሱ ከዛፍ ጥላ ወደ ሜዳ፣ ከሜዳ ወደ ጥላ ነው። አዳራሹ ውስጥ ይፈታል። ይህ ሁሉ በጥርስ ሲሆን ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ቆርኪ ሲከፍትና ሲዘጋ የዋለ ይመስላል። ካሜራው በደረቱ፣ የፊልተሩ ማኅደር በብብቱ፣ ክዳኑ በጥርሱ። ከእናቶች አንዷ መጥተው፣ "አንተ ልጅ፣ ሙሽራዋ በፀሐይ ቀለጠች እኮ!" ይሉታል። ክዳኑ በጥርሱ ስለሆነ "እሺ እማማ" ማለት እንኳ አይችልም። እማማም ልጁ ንቆኝ ዝም አለ ብለው ለሙሽራው አባት ይነግራሉ።

ለዚህ ሰው ጠቅ የሚል ነገር ቅንጦት አይደለም። ምርጫው ግን ሌላ ፈተና ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ስሙ ነው። የእኛ ሰው የክርስትና ስም፣ የቤት ስምና የመታወቂያ ስም እንዳለው ሁሉ ኤንዲም ሦስት ስም አለው። ሦስት ስቶፕ የሚቀንሰውን አንዱ ፋብሪካ ኤንዲ 8 ይለዋል፤ ሌላው 0.9 ብሎ ይጽፍበታል፤ ሦስተኛው በግልጽ 3 ስቶፕ ይላል። ስድስት ስቶፑ ኤንዲ 64 ነው፤ 1.8ም እሱው ነው። አሥር ስቶፑ ኤንዲ 1000 ነው፤ 3.0ም ይባላል። አንድ ወጣት 3 ስቶፕ ፈልጎ 3.0 የተጻፈበትን ገዛ አሉ። በመጀመሪያው ሠርግ፣ በእኩለ ቀን፣ ስክሪኑ ላይ ሌሊት ሆነበት። ባትሪው ያለቀ መስሎት ባትሪ ቀየረ፤ ቀጥሎም ካሜራው የሞተ መስሎት ከረዳቱ ጋር ተጣላ።

ሁለተኛው ፈተና ዘር ነው። ኬስ፣ ኒሲ፣ ፍሪዌል፣ ኤች ኤንድ ዋይ፣ ኬ ኤንድ ኤፍ፣ ሁሉም ማግኔት አላቸው። ግን በአብዛኛው የአንዱ ቀለበት የሌላውን መስታወት አይቀበልም። ስፋቱ ይለያያል፤ የጠርዙ አቀማመጥ ይለያያል። አንዴ ከአንዱ ከጀመሩ ቀለበቱንም፣ መስታወቱንም፣ ክዳኑንም ከዚያው ነው። ክዳኑንም ማለቴ የሌንሱ የድሮ ክዳን ብዙ ጊዜ ማግኔቱ ላይ አልቆም ስለሚል ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር ከማስታወቂያው ይለያል፦ መጀመሪያ የመስታወቱን ጥራት አትጠይቁ፤ ቀለበቱ ሲጠፋ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። ጥቁር፣ ስስ፣ የጣት ውፍረት እንኳ የሌላት ቀለበት በመናፈሻ ሣር ላይ ብትወድቅ ተመልሳ አትገኝም፤ መተኪያዋም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ነው። ቀለበት ሁለት ሁለት ይገዛል።

ልኩም ነገር አለው። የፊልተሩ ልክ ሌንሱ ፊት ላይ፣ በመሃሏ ሰረዝ ከተሰመረባት ክብ ቀጥሎ ይጻፋል። ወዳጄ የሶኒ ሰው ነው፦ አዲሱ 24-70 ኤፍ 2.8 ባለ 82 ሚሊ ሜትር፣ 85ቱ ባለ 67፣ ትንሿ 50 ባለ 49። ብልኅ ሰው ሁሉንም መስታወት በትልቁ ልክ ይገዛና ለትናንሾቹ ማስፊያ ቀለበት ያደርግላቸዋል። ገንዘብ ይተርፋል። የሌንሱ የፀሐይ መከለያ፣ ሁዱ፣ ግን መግጠም ያቆማል፣ ትንሿ 50ም ከፊልተሯ ጀርባ ትጠፋለች። ሰፊ ሌንስ ላይ ደግሞ ፊልተር በፊልተር ከተደራረበ ማዕዘኖቹ ይጠቁራሉ። ይህ ለተራራ ብዙ አይጎዳም፤ የጠቆረውን ቆርጦ መጣል ነው። በሠርግ የቤተሰብ ፎቶ ግን ማዕዘን ላይ የሚቆሙት አጎቶች ናቸው። አጎት ተቆርጦ አይጣልም።

ዕቃው የሚመጣው ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የወዳጄ አክስት እዚያ ይኖራሉ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ሲያዝዛቸው አጠገቡ ነበርኩ።

"አክስቴ፣ ሲመጡ አንዲት መስታወት እንዲይዙልኝ ፈልጌ ነበር።"

"ውይ የኔ ልጅ፣ ዓይንህን አመመህ?"

"አይ፣ ለካሜራዬ ነው። ፀሐይ እንዳይበዛበት።"

"ቁጥሩ ስንት ነው?"

"ሰማንያ ሁለት።"

"ጻፍልኝ። ለእህትህ ልጅ ጫማም ልገዛ ነው፣ እንዳይምታታብኝ።" ቆየት ብለው ዋጋውን አዩ መሰለኝ ድምፃቸው ተለወጠ። "ይኼ ሁሉ ገንዘብ ለጥቁር መስታወት?"

"ማግኔት አለው እኮ አክስቴ።"

"ለማግኔት ነው እንዴ? እዚህ ፍሪጄ ላይ ስንት ተለጥፏል! የፈለግከውን መርጬ አመጣልሃለሁ።"

ማግኔትም በበኩሉ ጠባይ አለው። የሚስበው የባለቤቱን ዕቃ ብቻ አይደለም። ምናለሽ ተራ ብረት ሲቆረጥና ሲሞረድ ለመቅረጽ የሄደ ሰው፣ ቀለበቱ የብረት ብናኝ ጢም አብቅሎ ነው የሚመለሰው። አፋር ወርዶ ከባዛልት የተፈጨውን ጥቁር አሸዋ ያስነካውም እንደዚያው ነው፤ በውስጡ ማግኔታይት የሚባል ብረት ያለበት ማዕድን አለ። ብናኙ ቀለበትና መስታወት መካከል ከገባ መስታወቱ አይደላደልም፣ ሲዞርም ይፈጫል። ብሩሽ ብዙም አይረዳም፤ ማጣበቂያ ፕላስተር ጫን አድርጎ ማንሳት ይሻላል።

ማግኔት ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ሜሞሪ ካርዴን ያጠፋብኛል ብለው የሚሰጉ ሰዎች አሉ። አያጠፋም፤ የዛሬ ካርድ ማግኔት የሚደርስበት ነገር ላይ አይደለም የሚጽፈው። ጀርባው ላይ ጥቁር መስመር ያለው የባንክ ወይም የሆቴል በር ካርድ ግን ከፊልተሩ ጋር አንድ ኪስ ባያድር ደግ ነው። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰውም ፊልተሩን የደረት ኪሱ ውስጥ አያድርግ፤ ይኼ ቀልድ የለበትም። የስልክ ኮምፓስም ይሳሳታል። ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣ ለማየት ስልኩን ቦርሳው ላይ ያስቀመጠ ፎቶ አንሺ፣ ሰሜን ራሱ ቦርሳው ውስጥ እንደሆነ ይነገረዋል።

ትልቁ ጠባይ ግን በቀላሉ የመጣ በቀላሉ መሄዱ ነው። ጥርስ ያሰረው ፊልተር ክርን ቢመታው አይነቃነቅም። ማግኔት ያሰረው እስክስታ መሃል አንድ ትከሻ ይበቃዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ወዳጄ የሚተርከው ታሪክ አለ፦ ፊልተሩ ከሌንሱ ተነቅሎ በጭፈራው እግሮች መሃል ተንከባሎ ጠፋ። ሲገኝ አንድ ሕፃን ዓይኑ ላይ አድርጎ ፀሐይዋን ሊያይ ቀና ብሎ ነበር። ወዳጄ ለመስታወቱ ሳይሆን ለልጁ ሮጠ፤ ልክም ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሽ በላሊበላ ሰማይ ሲያልፍ እንደተነገረን፣ ፀሐይን ለማየት ለዚያ የተሠራ መነጽር ያስፈልጋል፤ ከሌንስ ፊት የሚታሰር ኤንዲ ምንም ቢጠቁር ለዓይን አይሆንም።

ስለ ቀለም ደግሞ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ነው ርካሽ ዕቃ የሚዋረደው። ደካማ ኤንዲ የሚታየውን ብርሃን ይቀንስና የማይታየውን ኢንፍራሬድ ያሳልፋል። ውጤቱ መጀመሪያ የሚታየው የሚዜዎቹ ሱፍ ላይ ነው፤ ጥቁሩ ሱፍ የቡና አተላ መስሎ ይመጣል። ሚዜ ግድ የለውም። የሙሽራዋ እናት ግን ነጠላና ቀሚስ ያውቃሉ። ሸማኔው ቤት ስንት ተመላልሰው ያሠሩት ነጭ፣ ቪዲዮው ላይ ወደ ቢጫ ሲያደላ ዝም አይሉም። የአውሮፓ ላቦራቶሪ በመሣሪያ የሚለካውን የቀለም ጉድለት እሳቸው ከሶፋው ሳይነሱ ይነግሯችኋል። ስለዚህ ፊልተር ሲገዛ የሚሞከረው በነጭ ነጠላ ላይ ነው፤ አንዴ ያለ ፊልተር፣ አንዴ ከነፊልተሩ፣ በአንድ የቀለም ሚዛን።

ተለዋዋጭ ኤንዲ የሚባለውም እንዲሁ በጥንቃቄ ነው። ሁለት ፖላራይዘር ተጋጥመው ሲዞሩ ብርሃኑን ያጠባሉ፤ ለካሜራማን በጣም ይመቻል፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ ሲወጣ ማዞር ብቻ ነው። ከአቅሙ በላይ ከዞረ ግን፣ በተለይ በሰፊ ሌንስ፣ ሰማዩ ላይ ጥቁር መስቀል ይሳላል። ሠርጉ የቤተ ክርስቲያን ቢሆንም መስቀሉ አልታዘዘም። ፖላራይዘር እንደመሆኑ ከቆዳም ላይ ወዙን ያነሳል፤ የጠይም ፊት ውበቱ ግማሹ ወዙ ነው፣ ሲጠፋ ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። በሚያዝያ እኩለ ቀን ደግሞ ፀሐይዋ አዲስ አበባ አናት ላይ ናት፤ ፖላራይዘር አብዝቶ የሚያጠቁረው ከፀሐይዋ 90 ዲግሪ የራቀውን ሰማይ ስለሆነ፣ ያን ሰዓት የሚጠቁረው ዙሪያውን ያለው አድማስ ነው። ሙሽሮቹ ዝናብ ሊመታቸው የደረሰ ይመስላሉ።

ተራራ አንሺዎችን ጨርሼ እንዳልበድል አንድ ነገር ልመስክርላቸው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጢስ ዓባይ ላይ፣ ክረምቱ እንዳለቀ፣ ውሃው 40 ሜትር ያህል ሲወረወር እንደ ሐር እንዲለሰልስ የሚፈልግ ሰው አሥር ስቶፕ ያስራል፤ የ1/30 ሰከንዱ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ይሆናል። ከዚያ መስታወት በኋላ ግን በአብዛኛው ምንም አይታይም። ስለዚህ ፊልተሩ ሳይኖር ምስሉ ይስተካከላል፣ ፎከሱ ይያዛል፣ በመጨረሻ ፊልተሩ ይታሰራል። በጥርስ ሲታሰር ሌንሱ ይነቃነቅና ፎከሱ ይሄዳል፤ በማግኔት ግን ምንም ሳይነካ ጠቅ ይላል። የፏፏቴው ጢስ መስታወቱን ሲያርሰውም አንስቶ መጥረግ ቀላል ነው። ይህን አልክድም። ቢሆንም ጢስ ዓባይ ላይ ማንም መጥቶ "ቶሎ በል" አይልም።

ወዳጄ ሁዳዴው ሊያልቅ ሲል መረጠ። ከሁለት እስከ አምስት ስቶፕ የሚሄድ ተለዋዋጭ ኤንዲ፣ ለእሱ የሚሆኑ ቀለበቶች ከነትርፋቸው፣ ሁለት የማግኔት ክዳን። ሌላውን ተወ። አምስቱ ስቶፕ ያልበቃበት ቦታ ሌንሱን እስከ ኤፍ 4 ይዘጋዋል፤ ሚኒባሶቹ ትንሽ ጠርተው ይታያሉ፣ ይታዩ ብሏል። አክስቱም ሳያምታቱ አመጡለት፤ ከፍሪጃቸው ላይ የኋይት ሀውስ ሥዕል ያለበት አንድ ማግኔት መርቀውበታል።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ላለው ሠርግ ሲዋዋል አብሬው ሄጄ ነበር። የሙሽራው ታላቅ ወንድም ነው ዋጋ የሚነጋገረው። ወዳጄ ካሜራውን አወጣ። ስለ ስቶፑ፣ ስለ ነጩ ነጠላ፣ ከጧፍ ብርሃን ወደ ጠራራ ፀሐይ ሲወጣ አንዲት ሰከንድ እንደማያመልጠው አስረዳ። ፊልተሩን ነቀለ፣ መለሰ። ጠቅ! ደግሞ ነቀለ፣ መለሰ። ሰውዬው በአክብሮት አዳምጦ ጨረሰና፦

"በጣም ጥሩ ነው ወንድሜ። ድሮን አለህ?"